የፓናማው የጨረር አደጋ፦ የኮምፒውተርን ስሌት በምን እናረጋግጥ? (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በጨረር ሕክምና ክፍል ውስጥ የሐኪሙም የፊዚክስ ባለሙያውም ድካም መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ ታካሚው ጨረሩ ሥር ስንት ደቂቃና ሰከንድ ይቆይ የሚለው ቁጥር። ኮምፒውተር ያሰላዋል፣ ቴክኖሎጂስቱ ማሽኑ ላይ ይሞላዋል፣ ከባዱ በር ይዘጋል። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባም አያምም። ቁጥሩ የተሳሳተ ቢሆን በዚያች ሰዓት የሚጮህ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 በፓናማ የደረሰውን አደጋ እዚህ የማሰፍረው ለዚህ ነው። ማሽኑ ጤነኛ ነበር፣ የሐኪሞቹ ትእዛዝ ትክክል ነበር፣ ባለሙያዎቹም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ያም ሆኖ 28 ሰዎች ከታዘዘላቸው በላይ ጨረር ወሰዱ። በጉዳዩ ውስጥ ያሉትን ሰዎችና የፕሮግራሙን አምራች በስም አላነሳም። ታሪኩ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መርምሮ በ2001 ይፋ ያደረገው ነው።

ዳራው

ቦታው ፓናማ ሲቲ የሚገኝ የካንሰር ሆስፒታል ነው። ሕክምናው የሚሰጠው በኮባልት-60፣ ማለትም ከራሱ ጨረር በሚያወጣ ብረት፣ በሚሠራ ማሽን ነበር። ይህ ማሽን ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው በኮባልት ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ሠርቷል። የኮባልት ማሽን ቀላልና ጠንካራ ነው። ጨረሩ የሚወጣው ከራሱ ከብረቱ ስለሆነ መብራት ቢቆራረጥም ምንጩ አይጠፋም። ኃይሉ በ5.27 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር ሲታሰብ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ የሕክምናው ሰዓት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየረዘመ ይሄዳል።

ለዳሌ አካባቢ ካንሰር፣ ማለትም ለማሕፀን በር፣ ለፕሮስቴትና ለመሳሰሉት ጨረር ሲሰጥ ጤነኛው አካል መከለል አለበት። የሚከለለው በብሎክ ነው። ብሎክ ሊድ ከሚባለው ከባድ ብረት የሚሠራ ወፍራም ቁራጭ ሲሆን ከጨረሩ መንገድ ላይ በፕላስቲክ ትሪ ተደርጎ ይቀመጣል። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሊድ ከኮባልት ጨረር የሚያሳልፈው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው። በተለምዶ የዳሌው አራት ማዕዘኖች በ4 ብሎኮች ይከለላሉ።

የሕክምና ዕቅዱን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም የብሎኮቹን ቅርጽ ማወቅ አለበት። ባለሙያው ፊልሙ ላይ የተሰመረውን የብሎክ ጠርዝ በዲጂታይዘር (መስመርን ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ መሣሪያ) እየተከተለ ነጥብ በነጥብ ያስገባል። በዚያ ሆስፒታል የነበረው ፕሮግራም በአንድ መስክ (ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣው ጨረር በሚያርፍበት ቦታ) ከ4 ብሎክ በላይ አይቀበልም ነበር። የችግሩ በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው።

አምስተኛው ብሎክ

ሐኪሞቹ ለአንዳንድ ታካሚዎች መሃል ላይ የሚቀመጥ አምስተኛ ብሎክ ጠየቁ። ምክንያታቸው ጥሩ ነበር፤ ከዕጢው አጠገብ ያለውን ጤነኛ አካል የበለጠ ማዳን ፈልገው ነው። ፕሮግራሙ ግን አምስተኛውን አይቀበልም።

በነሐሴ 2000 ባለሙያዎቹ መላ አገኙ። ብሎኮቹን አንድ በአንድ ከማስገባት ይልቅ ሁሉንም እንደ አንድ ትልቅ ብሎክ ማስገባት፤ መጀመሪያ የውጩን ዙሪያ መሳል፣ ሳያቋርጡ ደግሞ የውስጡን ክፍት ቦታ ጠርዝ መሳል። ፕሮግራሙ ተቀበለው። ማስጠንቀቂያ አላወጣም፣ ሥራውንም አላቆመም፤ ሰዓቱን አስልቶ ሰጣቸው።

የውጩና የውስጡ መስመር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሳሉ ስሌቱ ትክክል ይወጣል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከተሳሉ ግን ፕሮግራሙ ወደ ታካሚው የሚደርሰውን ጨረር ከእውነተኛው አሳንሶ ያስባል፤ ያነሰውን ለማካካስም ሰዓቱን ያረዝማል። ውጤቱ ወደ እጥፍ የሚጠጋ የሕክምና ሰዓት ነበር። ልዩነቱ የእጅ አዟዟር ብቻ ነው፤ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ።

በዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ሁሌም ያስጨንቀኛል። አዲሱን አሠራር የጻፈው፣ የፈተነው፣ በውሃ ፋንተም (በሰው አካል ፋንታ ለልኬት በሚቀመጥ የውሃ ገንዳ) ላይ ለክቶ ያረጋገጠው ሰው አልነበረም። ለታካሚ ደግ ለማድረግ የተፈለገ ነገር እንዲሁ የዕለት ሥራ ሆነ።

የመጀመሪያው ምልክት

በኅዳር 2000 ሐኪሞቹ አንዳንድ ታካሚዎች ላይ ከተለመደው የጠና፣ የማይቆም ተቅማጥ አዩ። የዳሌ ጨረር ተቅማጥ ማምጣቱ የታወቀ ነው፤ በመድኃኒትና በምግብ ጥንቃቄ ይታገሳል፣ ሕክምናው ሲያልቅም ይቀንሳል። ይህኛው ግን አልቀነሰም።

መዝገቦቹ ታዩ። የታዘዘው መጠን ትክክል፣ የተሰጠው ሰዓት ኮምፒውተሩ ካወጣው ጋር አንድ ነው። ስህተት አልተገኘም። ሊገኝም አይችልም ነበር፤ ሰዓቱን ያወሩት ወረቀቶች ሁሉ የተቀዱት ከዚያው ከተሳሳተው ስሌት ነው። አንድን ቁጥር ከራሱ ቅጂ ጋር ማስተያየት ማረጋገጥ አይባልም። ይህን ስህተት በብዙ ክፍሎች አይቻለሁ፤ ሁለት ፊርማ ያለበት ወረቀት ሁለት ጊዜ የተሰላ ይመስለናል።

ስሌቱ ራሱ የተጠረጠረው በ2001 መጀመሪያ ላይ ነው። በመጋቢት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ችግሩን ደረሱበት። ያገኙትም አንድን ዕቅድ በተለያየ መንገድ አስገብተው ሰዓቱ ሲለያይ በማየት ነው። ይህን ለእነሱ መመስከር ተገቢ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የፓናማ መንግሥት በግንቦት 2001 ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እርዳታ ጠየቀ። ኤጀንሲው ሐኪሞችና የፊዚክስ ባለሙያዎች ያሉበት ቡድን በዚያው ወር መጨረሻ ላከ። ቡድኑ ማሽኑን ለካ፤ ልኬቱ ትክክል ነበር። የታካሚዎቹን መጠን እንደገና አሰላ፤ የታመሙትንም አየ። እስከዚያ ድረስ ከ28ቱ 8 ሰዎች ሞተው ነበር። ከእነርሱ 5ቱ የሞቱት በትርፍ ጨረሩ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ቡድኑ ደመደመ። በሕይወት ካሉትም ብዙዎቹ አንጀታቸው ተጎድቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። በ2004 ሁለት የፊዚክስ ባለሙያዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው የእስራት ቅጣት ተፈረደባቸው። ሰው ሞቷልና ተጠያቂነት መኖሩ ግድ ነው። ነገር ግን የእስር ፍርዱ ቀጣዩን ክፍል ከተመሳሳይ ስህተት እንደማያድነው አምናለሁ። የሚያድነው ከዚህ በታች የምጽፈው ነው።

በእርሳስና በወረቀት ብናሰላው

ለማሳያ አንድ ዕቅድ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፣ የፓናማ ታካሚ አይደሉም። አንዲት እናት በቀን 2 ግሬይ (ግሬይ ሰውነት የሚወስደው የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ታዞላቸዋል። ከ4 አቅጣጫ ስለሚሰጥ ከእያንዳንዱ 0.5 ግሬይ ይደርሳል። ማሽኑ በዚያ ቀን ከቆዳ ሥር ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ በደቂቃ 1 ግሬይ ይሰጣል እንበል። ዕጢው 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ በዚያ ጥልቀት የሚደርሰው የላይኛው 60 በመቶ ገደማ ነው። 0.5 ለ0.6 ሲካፈል 0.83 ደቂቃ ይሆናል፤ 50 ሰከንድ። የብሎኮቹ ትሪ 4 በመቶ ያህል ይይዛል፤ 52 ሰከንድ። ብሎኮቹ ከጎን እየተበተነ የሚመጣውን ጨረር ስለሚቀንሱ 3 በመቶ እንጨምር፤ 54 ሰከንድ።

ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ስሌቱ የሚደረግበት ነጥብ ራሱ ብሎክ ሥር እስካልሆነ ድረስ፣ አንድ ብሎክ መጨመር ሰዓቱን በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ቢያረዝመው ነው። ከኮምፒውተሩ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ቢመጣ ወረቀት የያዘ ሰው ደንግጦ ይነሣል።

የዓለም አቀፉ የጨረር ልኬት ኮሚሽን ከ1976 ጀምሮ ለዕጢው የሚደርሰው መጠን ከታዘዘው በ5 በመቶ እንዳይርቅ ይመክራል። የእጅ ስሌት ይህን ያህል ጥንቁቅ አይሆን ይሆናል፤ እጥፍን ግን አያሳልፍም። በፓናማ ለእያንዳንዱ ታካሚ እንዲህ ያለ ስሌት አልተሠራም ነበር። ከጎረቤት አገር ትምህርት ነበር፤ በ1996 በኮስታሪካ የኮባልት ምንጭ ከተለወጠ በኋላ 0.3 ደቂቃ እንደ 30 ሰከንድ ተቆጥሮ (18 ሰከንድ ነው) የማሽኑ ኃይል አንሶ ተመዘገበ፣ 115 ታካሚዎችም ከመጠን በላይ ጨረር ወሰዱ። ያም ራሱን የቻለ ሁለተኛ ልኬት በሌለበት የደረሰ ነው።

ሲሙሌሽን የሚገባበት ቦታ

የእጅ ስሌት ድንበር አለው። ሰውነትን እንደ ውሃ ያስባል፣ ቆዳውን ጠፍጣፋ፣ መስኩን ካሬ። ሳንባ አየር የሞላበት ነው፤ አጥንት ይከብዳል፤ ዘመናዊ ማሽኖች መስኩን በየሰከንዱ ቅርጽ ይለዋውጡታል። እዚህ ላይ ነው ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ሲሙሌሽን፣ ማለትም የጨረሩን ጉዞ በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት፣ የሚያስፈልገው።

ሐሳቡ የተጸነሰው በ1940ዎቹ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ በስታኒስላው ኡላምና በጆን ፎን ኖይማን ነው፤ ስሙ በሞናኮ ካለው የቁማር ቤት ተወሰደ። ኮምፒውተሩ አንድ ፎቶን (የጨረር ቅንጣት) ከምንጩ ያስነሣል። የኮባልት ፎቶን ኃይሉ 1.17 ወይም 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ፎቶኑ ምን ያህል ርቀት ሄዶ ከአተም ጋር ይጋጫል? ሲጋጭስ ወዴት ይታጠፋል፣ ምን ያህል ኃይል ይተዋል? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የፊዚክሱን ዕድል ተከትሎ ዕጣ ይጣላል። ፎቶኑ እስኪጠፋ ወይም ከሰውነት እስኪወጣ ይከተሉታል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፤ በሚሊዮንና በቢሊዮን። የተዉት ኃይል ተደምሮ የመጠኑ ካርታ ይሆናል።

ዕጣ ስለሆነ ውጤቱ ይንቀጠቀጣል። ስህተቱን ከ2 በመቶ ወደ 1 በመቶ ለማውረድ የፎቶኑን ቁጥር 4 እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። በ2000 ይህ በተራ ሆስፒታል ኮምፒውተር ለአንድ ታካሚ ብዙ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነበር። ዛሬ ተለውጧል። የካናዳው ኢጂኤስኤንአርሲ እና በአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን የተጀመረው ጂያንት 4 የሚባሉት የሞንቴ ካርሎ ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ከአውሮፕላን ቲኬት ያነሰ ዋጋ ባለው ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ።

ሰውነትን እንደ ውሃ ማሰብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የሳንባ ዕጢን ያህል ጥሩ ቦታ የለም። በአሜሪካ ለትንንሽ የሳንባ ዕጢዎች በ3 ቀን ሕክምና 60 ግሬይ የታዘዘበት የታወቀ ጥናት ነበር፤ ስሌቱ ሳንባን እንደ ውሃ ቆጥሮ ነበር የተሠራው። የሳንባው ቅለት ታስቦ እንደገና ሲሰላ መጠኑ ወደ 54 ግሬይ ወረደ። ሐኪሙ የጻፈው ቁጥርና ዕጢው የቀመሰው ጨረር በ10 በመቶ ተለያይተው ነበር ማለት ነው።

የሠራውና የማይሠራው

አሁን ወደ ፓናማ እንመለስ። በዚያ ክፍል ሞንቴ ካርሎ ቢኖር ኖሮ አደጋው ይቀር ነበር? ብዙ ሰው ሳያስብ «አዎን» ይላል። እኔ መልሱ በአንድ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው እላለሁ፤ የብሎኮቹ ቅርጽ ወደ ሲሙሌሽኑ በየት በኩል ገባ?

በኮምፒውተር ሥዕል የታወቀ ነገር አለ። በመስመር የተከበበ ቅርጽ «ውስጡ» የቱ ነው የሚለውን ለመወሰን ሁለት ደንብ አለ። አንደኛው የተሻገርናቸውን መስመሮች ብዛት ቆጥሮ ጎዶሎ ከሆነ ውስጥ፣ ሙሉ ከሆነ ውጭ ይላል፤ ለዚህ የመስመሩ አቅጣጫ ግዱ አይደለም። ሁለተኛው ግን አዟዟሩን ይቆጥራል። ሁለቱ ዙሮች በአንድ አቅጣጫ ከሄዱ መሃሉም «ውስጥ» ይሆናል፤ ክፍት መሆን የነበረበት ቦታ በብሎክ ይሞላል። የፓናማው ፕሮግራም ኮድ እንዲህ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሲሙሌሽናችን ቅርጹን ከዕቅዱ ፋይል ቀጥታ ቢያነብና ደንቡም ሁለተኛው ቢሆን፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፎቶኖች አስነሥተን ያንኑ ስህተት በሚያምር ቀለም እናትመዋለን። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይስማማሉ፤ ታካሚው ግን እጥፍ ይወስዳል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ሲሙሌሽኑ ማረጋገጫ የሚሆነው ሌላ በር ካለው ብቻ ነው። ቅርጹ ከፊልሙ ወይም ከተቆረጠው ብሎክ በአዲስ ይለካ፤ ርቀቱ በሜትር ይለካ፤ የምንጩ ኃይል ከልኬት መዝገቡ ይወሰድ እንጂ ከዕቅድ ፕሮግራሙ አይቀዳ። ጊዜ ይወስዳል። በየቀኑ ለሁሉም ታካሚ ማድረግ አይቻል ይሆናል፤ አዲስ አሠራር በተጀመረ ቁጥር ግን ግዴታ ነው።

ሲሙሌሽኑ ራሱም መፈተን አለበት። ቀላሉን ማስጀመር ጥሩ ነው፦ በውሃ ፋንተም ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ክፍት መስክ። በአዮናይዜሽን ቻምበር (በጨረር መለኪያ መሣሪያ) በ5፣ በ10፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተለክቶ ከሲሙሌሽኑ ጋር ይነጻጸር። ከዚያ አንድ ብሎክ፣ ከዚያ መሃል ላይ የተቀመጠ ብሎክ። ፋንተም ውስጥ ካልተስማማ በሰው ላይ ይስማማል ብሎ ማመን አይገባም። የማሽኑ ኃይል ራሱ በውጭ ዓይን መታየት አለበት፤ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ከ1969 ጀምሮ በፖስታ በሚላኩ ትንንሽ መለኪያዎች ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ልኬት የኮስታሪካውን ዓይነት ስህተት ይይዛል። የፓናማውን ግን አይዝም ነበር፤ ማሽኑ ትክክል ነበርና። አንድ ማረጋገጫ የትኛውን ስህተት እንደማያይ ማወቅ የሚያየውን የማወቅ ያህል ይጠቅማል።

ወደ ሌላ ክፍል የሚወሰደው

በአገራችን የጨረር ሕክምና ከአዲስ አበባ ውጭ እየወጣ፣ ከኮባልትም ወደ ሊናክ (ጨረሩን በኤሌክትሪክ ወደሚያመነጭ ማሽን) እየተሸጋገረ ነው። አዲስ ማሽን ሲመጣ አዲስ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ፕሮግራሙ ሲያምር ደግሞ እርሳስና ወረቀት ያስንቃል። የምፈራው ይህን ነው። ወጣት ባልደረቦቼን የምለምነው ሲሙሌሽን ከመማራቸው በፊት የ54 ሰከንዱን ስሌት በቃል እስኪያውቁት እንዲሠሩት ነው። ሞንቴ ካርሎ የሚሰጠውን ቁጥር የሚጠራጠር አእምሮ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር የሐኪሞቹ ወገን ነው። ተቅማጡ ታይቶ ስሌቱ እስኪጠረጠር ወራት አለፉ። ሁለትና ሦስት ታካሚ ከተለመደው ውጭ ሲጎዳ ነርሷ ሳትፈራ ለፊዚክስ ክፍሉ በዚያው ቀን የምትነግርበት፣ ክፍሉም መዝገብ ከማገላበጥ ይልቅ ስሌቱን ከባዶ የሚጀምርበት ልማድ ያስፈልጋል። በፓናማ ስህተቱን ከሁሉ በፊት የለካው የሕሙማኑ አንጀት ነበር።

የአሠራር ለውጥን በተመለከተ የማደርገውን ልንገር። ፕሮግራሙ የማይፈቅደውን ነገር በዘዴ ያስገባን እንደሆነ ያ ዘዴ በወረቀት ይጻፋል፣ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል፣ በፋንተም እስኪለካም አንድም ታካሚ አይታከምበትም። ብሎክ የሚሳልበት ፕሮግራም ሲገባልን ደግሞ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው፦ አንድ ቀለበት መሰል ብሎክ ወደ ቀኝ እያዞርን እንስላለን፣ ሰዓቱን እንጽፋለን። እንሰርዘዋለን። ያንኑ ወደ ግራ እያዞርን እንስላለን፣ ሰዓቱን እንጽፋለን። ከዚያ የውጩን ወደ ቀኝ፣ የውስጡን ወደ ግራ። ከዚያ ደግሞ ገልብጠን። አራቱ ቁጥሮች በሰከንድ እንኳ ከተለያዩ ፕሮግራሙ ለታካሚ አይከፈትም።